ፐርሰንቱን ጻፍኩ፣ ዕድሜውን ረሳሁ

ባለፈው ሴሚስተር ለሳይንስ ዘገባ ኮርስ ያቀረብኩት ዜና ርዕሱ «ርካሽ ሶላር በቅርብ ቀን!» ይላል። ፔሮቭስካይት የሚባለው አዲስ የሶላር ሴል በላብራቶሪ ከ26 በመቶ በላይ ውጤት ማስገኘቱን አትቼ «ኤ» እጠብቃለሁ። መምህራችን ግን ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱልኝ፦ «ስንት ዓመት ይሠራል?»

መልስ አልነበረኝም። እናም ከሥሩ ጀመርኩ።

ነገሩ የሚነሳው ከቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ብራያን ኦሬጋንና ማይክል ግሬትዝል ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ የሠሩትን በቀለም የሚሠራ ሶላር ሴል ይፋ አደረጉ። ዋናው ዕቃ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ የግድግዳ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ዱቄት ማለት ነው። ዱቄቱ ብቻውን ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን አይውጥም፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ብርሃን የሚውጥ ቀለም ይለጠፍበታል። ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ኤሌክትሮን ለዱቄቱ ይሰጣል፣ ዱቄቱ ወደ ሽቦው ያሳልፋል። ቀለሙ ያጣውን ደግሞ አዮዳይድ ያለበት ፈሳሽ ይተካለታል። ውጤቱ ከ7 በመቶ በላይ ነበር። ጣጣው ፈሳሹ ነው፤ ያፈሳል፣ ይተናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ አኪሂሮ ኮጂማ የተባለ ተማሪ (ልብ በሉ፣ ተማሪ!) ከፕሮፌሰር ሱቶሙ ሚያሳካ ጋር ሆኖ በቀለሙ ቦታ ፔሮቭስካይት ተካ። ያገኙት 3.8 በመቶ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ፈሳሹ ራሱ ፔሮቭስካይቱን እያሟሟ ያበላሸዋል። ያኔ ጋዜጠኛ ብሆን ኖሮ ዞር ብዬም አላየው! እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ተመራማሪዎች ፈሳሹን አውጥተው በጠጣር ነገር ሲተኩት ውጤቱ ወደ 10 በመቶ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ሽቅብ ነው።

ታዲያ ዕድሜውስ? ሲሊከን የሚቀልጠው ከ1400 ዲግሪ በላይ ነው። ፔሮቭስካይት ግን ከተሟሟ ውህድ ተቀብቶ 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ይደርቃል። ርካሽ ይሆናል የተባለውም ለዚህ ነው። ግን ያው ባሕርይ ዞሮ ይጎዳዋል፦ የክሪስታሉ ትስስር ልል ስለሆነ እርጥበትና ሙቀት በቀላሉ ያፈርሱታል። ሲፈርስ ደግሞ ውስጡ ያለው እርሳስ (የምንጽፍበት ሳይሆን መርዛማው ብረት) ከውኃ ጋር ሊወጣ ይችላል።

የሶላር ፓነሎች ከሚያልፉባቸው ፈተናዎች አንዱ በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ውስጥ 1000 ሰዓት መቆየት ነው። 1000 ሰዓት 42 ቀን እንኳ አይሞላም። የሲሊከን ፓነል ግን ብዙውን ጊዜ የ25 ዓመት ዋስትና ይዞ ይሸጣል። መምህሬ የጠየቁኝ ይህን ልዩነት ነበር።

ርዕሱን «ፔሮቭስካይት 26 በመቶ አለፈ፤ ዕድሜው ገና እየተፈተነ ነው» ብዬ አስተካክዬ መለስኩ። «ቢ ፕላስ» አገኘሁ፤ ከጎኑም ሌላ ቀይ ጥያቄ አለ፦ «በስንት ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ?» ሄጄ አየሁ። እንዲህ ያሉ ሪከርዶች ብዙውን ጊዜ የሚመዘገቡት ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ሴል ላይ ነው።