ግማሹን የሚያሳልፍ፣ ግማሹን የሚያስቀር መስመር

ፈጽሞ የተቋረጠ የመገናኛ መስመር ለጥገና ባለሙያ እምብዛም አያስቸግርም። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ አቤት ይላል፤ የመሣሪያው መብራት ይጠፋል፤ የተበላሸውም ቦታ ቶሎ ይታወቃል። የሚያስቸግረው ለአንዱ እየሠራ ለሌላው እምቢ የሚል መስመር ነው። በተለይም ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ መስመሮች እንደ አንድ ሆነው በተጣመሩበት የኮምፒዩተር መረብ ላይ እንዲህ ያለ ብልሽት ሲደርስ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በመስመሩ ሳይሆን በባለጉዳዩ ላይ ይላከካል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የብልሽቱን ምክንያት ማስረዳትና በሥርዐት የሚፈለግበትን መንገድ ማሳየት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሒሳብ አንድን ቁጥር ለሁለት አካፍሎ ቀሪውን ከማወቅ ስለማያልፍ፣ መምህራን በክፍል ውስጥ በምሳሌነት ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሀ. ጥምር መስመር ምን ማለት ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት በከተማው ዳር ቅርንጫፍ አለው እንበል። ሁለቱን ሕንፃዎች የሚያገናኙ ሁለት መስመሮች ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዱም በሴኮንድ 1 ጊጋቢት ያስተላልፋል። በየጫፉ ራውተር አለ፤ ይኸውም መልእክቶችን በየአድራሻቸው መንገድ የሚያስይዝ መሣሪያ ነው። ራውተሮቹ ሁለቱን መስመሮች እንደ አንድ እንዲቆጥሩ ሲደረግ ጥምር መስመር ይባላል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዱ ቢቋረጥ በሌላው መቀጠል ነው። ለዚህ አሠራር አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 802.3ኤዲ የተሰኘ ደረጃ አወጣለት፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ደረጃው 802.1ኤኤክስ ተብሎ ለብቻው ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት መታረም አለበት። ሁለት በሬዎች ሲጠመዱ አንድ ሞፈር በጋራ ይስባሉ። ጥምር መስመር ግን እንደዚያ አይደለም። የአንድ ሰው ፋይል ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መስመሮች ቢሄድ፣ የኋለኛው እሽግ ከፊተኛው እየቀደመ ቅደም ተከተሉ ሊፋለስ ይችላል። ስለሆነም ራውተሩ የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ተመልክቶ በሒሳብ አንዱን መስመር ይመርጣል። በእነዚያ ሁለት አድራሻዎች መካከል የሚላከው ሁሉ በተመረጠው መስመር ብቻ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ የአንድ ሰው ግንኙነት ለብቻው ከ1 ጊጋቢት የበለጠ ፍጥነት አያገኝም።

ለ. ሒሳቡና ብልሽቱ

የምርጫው ሒሳብ ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል ቀላሉን እንውሰድ። የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ የመጨረሻ ቁጥሮች ተደምረው ለ2 ይካፈላሉ፤ ቀሪው 0 ከሆነ አንደኛው መስመር፣ 1 ከሆነ ሁለተኛው መስመር ይመረጣል። በዋናው መሥሪያ ቤት የሚገኘው ሰርቨር፣ ማለትም ፋይሎች የሚቀመጡበት ኮምፒዩተር፣ አድራሻው 10.1.1.10 ነው እንበል። የቅርንጫፉ ሠራተኞች ደግሞ እነዚህ ናቸው፤

ጸሐፊዋ፦ 10.2.1.24። 10 + 24 = 34፤ ቀሪ 0፤ አንደኛ መስመር።
ሒሳብ ሹሙ፦ 10.2.1.21። 10 + 21 = 31፤ ቀሪ 1፤ ሁለተኛ መስመር።
ዕቃ ቤት ኀላፊው፦ 10.2.1.27። 10 + 27 = 37፤ ቀሪ 1፤ ሁለተኛ መስመር።

አሁን ሁለተኛው መስመር መንገድ ላይ ተቆረጠ። መስመሩ ከራውተር ወደ ራውተር በቀጥታ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ይጠፋና ሥራው ሁሉ ወደ አንደኛው ይዞር ነበር። ነገር ግን በብዙ ቦታ በመካከሉ የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት መሣሪያ፣ ወይም የብርሃን ምልክትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሣጥን ይኖራል። የተቆረጠው ከዚያ ባሻገር ከሆነ፣ ራውተሩን ከሣጥኑ ጋር የሚያገናኘው አጭር ገመድ ደኅና ስለሆነ መብራቱ እንደበራ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ ራውተሮች የመስመሮቹን ደኅንነት እርስ በርስ የማይጠያየቁ ከሆነ፣ ራውተሩ የበራውን መብራት አምኖ የድርሻውን መልእክት ወደ ተቆረጠው መስመር መላኩን ይቀጥላል። የተላከውም እዚያው ይቀራል።

የወሩ መጨረሻ ነውና የደመወዝ መዝገብ መዘጋጀት አለበት። ጸሐፊዋ ከሰርቨሩ ፋይል ትከፍታለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሒሳብ ሹም ግን መክፈት ያቅተዋል። የተጠራው ባለሙያ ራውተሩ ላይ ሆኖ በፒንግ ይሞክራል። ፒንግ አሜሪካዊው ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. የጻፈው፣ «አለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ አጭር ፕሮግራም ነው። የሁለቱ ራውተሮች አድራሻ ድምር በአጋጣሚ ወደ አንደኛው መስመር የሚመራ ከሆነ መልሱ ወዲያው ይመጣል። የመንገድ መረጃ የሚለዋወጡትም በዚያው መስመር ከሆነ፣ የመንገድ ሰንጠረዡ አንዳች ጉድለት አያሳይም። ባለሙያውም «መስመሩ ደኅና ነው፤ የተበላሸው የእርስዎ ኮምፒዩተር ነው» ብሎ ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ ይፈታል፤ ይጠገናል፤ በሌላም ይተካል። አድራሻው እስካልተለወጠ ድረስ ግን ለውጥ አይገኝም። ደመወዙም ይዘገያል።

ሐ. የአፈላለጉ ቅደም ተከተል

1. አቤቱታውን መመዝገብ። የማን ይሠራል? የማን አይሠራም? ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው? የሚለው ይጻፍ። የብልሽቱ መልክ ምክንያቱን ይጠቁማልና። አንድ ሙሉ የአድራሻ ምድብ ከቀረ፣ የመንገድ ሰንጠረዡ ይመርመር፤ መልሱም መንገድ ስለሚያስፈልገው በሁለቱም ጫፍ መታየት አለበት። አጭር መልእክት አልፎ ትልቅ ፋይል ከቀረ፣ የእሽጉ መጠን ይጠርጠር፤ የተለመደው ከፍተኛ መጠን 1500 ባይት ስለሆነ፣ እሽጉ እንዳይከፋፈል ታዝዞ 1472 ባይት የያዘ ፒንግ ይላካል፤ 28 ባይት የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ ሲታከልበት በትክክል 1500 ይሆናልና። ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሠራተኞች አንዱ ሠርቶ አንዱ ከቀረ ግን፣ ጥምር መስመሩ ይጠርጠር።

2. ከብዙ አድራሻ መሞከር። አንድ ፒንግ የሚመሰክረው ስለ አንድ ጥንድ አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙከራው ከባለጉዳዮቹ ኮምፒዩተሮች ይደረግ። ትሬስራውት የተባለው ፕሮግራም መልእክቱ ያለፈባቸውን ራውተሮች በተራ ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ጥምር መስመሩን እንደ አንድ እርምጃ ስለሚቆጥረው የትኛው ገመድ እንደታመመ አይናገርም።

3. ቆጣሪዎቹን ማየት። ራውተሩ በእያንዳንዱ መስመር የላከውንና የተቀበለውን ይቆጥራል። በአንዱ መስመር የወጪው ቁጥር እየጨመረ የገቢው ቁጥር ከቆመ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የመልሱን መስመር የሚመርጠው የወዲያኛው ራውተር ስለሆነ የሁለቱም ቆጣሪ ይነበብ።

4. በየተራ መዝጋት። የተጠረጠረው መስመር በሁለቱም ጫፍ ከጥምረቱ ሲወጣ የሁሉም ሥራ ከተስተካከለ፣ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ሲደረግ በወዲያኛው ጫፍ በስልክ የሚገናኝ ሰው ይኑር፤ በሩቅ ሆኖ ደኅናውን መስመር የዘጋ ሰው መልሶ መክፈቻ ያጣልና።

መ. መከላከያው

በደረጃው ውስጥ ኤል.ኤ.ሲ.ፒ. የተባለ የመጠያየቂያ ደንብ አለ። ሁለቱ ጫፎች በእያንዳንዱ መስመር ላይ በየ30 ሴኮንዱ፣ ወይም ፈጣኑ ከተመረጠ በየ1 ሴኮንዱ፣ መልእክት ይለዋወጣሉ። ከአንዱ መስመር በ90 ሴኮንድ ወይም በ3 ሴኮንድ ውስጥ ምንም ካልተሰማ፣ መብራቱ ቢበራም መስመሩ ከጥምረቱ ይወጣል። በመካከል ያለው የድርጅቱ መሣሪያ ይህን መልእክት የማያሳልፍ ከሆነ ግን፣ ሁለቱን መስመሮች ሳያጣምሩ እንደ ሁለት የተለያዩ መንገዶች መጠቀም ይቻላል። ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. በተባለው የመንገድ መምረጫ ደንብ ራውተሮች በየመስመሩ በተለምዶ በየ10 ሴኮንዱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ለ40 ሴኮንድ ሰላምታ ከጠፋም ያ መንገድ ይሰረዛል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ከኮምፒዩተር ያለፈ ነው። «ለእኔ ይሠራል» የሚል ቃል የሌላውን አቤቱታ ውድቅ አያደርግም። ለአንዱ መሥራቱና ለሌላው አለመሥራቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ሁለቱን አስተያይቶ የሚመዘግብ ባለሙያ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። ወደፊት በዚህ ሙያ የሚሰማሩ ተማሪዎች መሣሪያውን ከመንካታቸው በፊት ባለጉዳዩን ማዳመጥ ይልመዱ።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አድራሻው 10.1.1.11 የሆነ ሁለተኛ ሰርቨር በዋናው መሥሪያ ቤት ቢተከል፣ ሁለተኛው መስመር እንደተቆረጠ ሳለ ከሦስቱ ሠራተኞች ወደ አዲሱ ሰርቨር መድረስ የማይችለው ማን ነው? ከመልሱ ስለ ኮምፒዩተሮቹ ጤንነት ምን እንረዳለን?

2. መስመሮቹ ሦስት ቢሆኑና ድምሩ ለ3 ቢካፈል፣ የሦስቱ ሠራተኞች ሥራ ወደ መጀመሪያው ሰርቨር በየትኞቹ መስመሮች ይሄዳል? መስመር መጨመር ሁልጊዜ ሸክምን እኩል ያከፋፍላልን? ሠርታችሁ አስረዱ።