«ተቀበል!»

ባለማሲንቋችን መጫወት ሳይጀምር ከኪሱ የዕጣን ፍርፋሪ ያወጣና የደጋኑን ጭራ ደጋግሞ ያሸዋል። ዕጣን ያልነካው ጭራ ይንሸራተታል፤ ድምፅ አይሰጥም። ማሲንቆ ያለው አውታር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ። ጣት አውታሩን ከጎኑ ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ «እዚህ ጋ ያዝ» የሚል ምልክት የለም፣ መሪው ጆሮ ነው። ጓደኛዬ ይህን የተማረው በ58 ዓመቱ፣ ሩዙን አጭዶ በሚያርፍበት ወራት ነው።

አራት ነን። እሱ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ያመርታል፤ ከበሮ መቺው ልብስ ሰፊ ነው፤ ክራር የምይዘው እኔና አብሮኝ የሚያዜመው ጡረታ የወጣን መምህራን ነን። ቅዳሜ ማታ እዚሁ አንበሳሜ በአንዲት ጠጅ ቤት ጥጉን ይለቁልናል። ክፍያ አንጠይቅም፤ ባለቤቷ «አያ፣ ጉሮሮዎ ይርጠብ» እያለች ብርሌ ታቀርብልናለች።

ለዚህ የበቃነው ዘግይተን ነው። በልጅነታችን አዝማሪነት የተናቀ ሙያ ነበር። ክራር ይዤ ቤት የገባሁ ዕለት አባቴ «በዘራችን አዝማሪ የለም» ብለው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ጅማቶቹ ሲነዱ ያሰሙት ሲጥሲጥታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አባቴ የዘመናቸው ሰው ናቸው፤ ጥፋት ግን ጥፋት ነው። ይህ አገር ሐዘኑንና ፍቅሩን አደራ የሰጠው ለእነዚያ ለተናቁት ሰዎች ነበር።

የምንጫወተው በአብዛኛው ትዝታ ነው። ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬንም እንሞክራለን፤ ከአራቱ ቅኝቶች ለዕድሜያችን የሚቀርበው ግን ትዝታ ነው። አምስት ድምፅ አለው፤ ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ያው ዜማ ይከብዳል፣ ሆድ ያባባል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ «ብሉዝ ነው እኮ የምትጫወቱት» ትለኛለች። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም «ኢትዮፒክ» የተባለውን የአልበም ስብስቡን 10ኛ ክፍል ለትዝታ ሲሰጥ የኢትዮጵያ ብሉዝ ብሎታል።

ብሉዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ከባርነት በወጡ ጥቁሮች መካከል የተወለደ ዜማ ነው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግማል፣ በሦስተኛው ይዘጋዋል። ድግግሞሹ ቀጣዩን ቃል እስኪያገኝ ጊዜ ይሰጠዋል። እኛ ቤት ግን ስንኙን የሚሰጠው አድማጩ ነው፦ «ተቀበል!» ይላል፣ እኛም ተቀብለን እናዜማለን። ሁሉም ጠጅ ጠጪ ገጣሚ ነው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ክረምት ከጉማራ ወንዝ ማዶ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» አሉኝ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስለ ሟች ባለቤታቸው ሰጡን። ሁለተኛው እምቢ አላቸው፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ማንም አልዘፈነም። ማሲንቆው ዜማውን አንድ ዙር ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ፣ ከበሮው በመዳፍ ብቻ ይከተለዋል። ሽማግሌው ብርሌያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። በአራተኛው ዙር ሚስታቸውን በስሟ ጠርተው ስንኙን ጨረሱ።

ተቀበልኩ።