የበድን ቆጠራ የማያሳየው፦ አውራ ጎዳና እንደ አጥር በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራ፣ በስተደቡብ ደግሞ የሳላ መንጋ የሚሰማራበት የኢላላ ሳላ ሜዳ ይገኛል። አብዛኛው የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ጭነት በጅቡቲ በኩል ስለሚጓጓዝ ከባድ ተሽከርካሪዎች በዚህ መንገድ ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ።

መንገድ በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመለካት የተለመደው ዘዴ የተገጩ እንስሳትን በድን መቁጠር ነው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ አንድ መኪናና አንድ ደብተር ይበቁታል። እኔም የመመረቂያ ጥናቴን ያቀድሁት በዚሁ መንገድ ነበር። ይሁን እንጂ ቆጠራው የሚመዘግበው ለመሻገር ሞክረው ያልተሳካላቸውን ብቻ ነው። ከመንገዱ ዳር የተመለሱት በደብተሩ ላይ አይሰፍሩም።

ችግሩ የሚጎላው የተሽከርካሪ ፍሰት ሲጨምር ነው። ፍሰቱ አነስተኛ በሆነበት መንገድ አብዛኞቹ እንስሳት በሰላም ይሻገራሉ። ፍሰቱ መካከለኛ ሲሆን መሞከራቸውን አይተዉም፤ በተሽከርካሪዎች መካከል ያለው ክፍተት ግን ስለሚጠብ የሚገጩት ይበዛሉ። ፍሰቱ ከዚህ ሲያልፍ ድምፁ፣ መብራቱና የማያቋርጠው እንቅስቃሴ እንስሳቱን ገና ከሩቁ ያሸሻቸዋል፤ የበድኑም ቁጥር ያሽቆለቁላል። በአውሮፓ የመንገድ ሥነ ምህዳር ጽሑፎች በቀን ከ10,000 በላይ ተሽከርካሪ የሚያስተናግድ መንገድ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች የማይታለፍ ግድግዳ እንደሚሆን ይገመታል። ይህን አኃዝ እንዳለ ለሳላ ወይም ለአምባራይሌ ማዋል አይገባም፤ የግንኙነቱ ቅርጽ ግን ትምህርት ይሰጣል። የበድን ማነስ መንገዱ ጉዳት አልባ መሆኑን፣ ወይም ፈጽሞ የማይታለፍ መሆኑን፣ ወይም የሚገጭ እንስሳ መመናመኑን ሊያመለክት ይችላል። ቆጠራው ብቻውን ሦስቱን አይለይም።

ለመለየት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ማነጻጸር ግድ ይላል። በአዋሽ ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። በስተሰሜኑ ክፍል የአርብቶ አደሮች ከብት በብዛት ስለሚሰማራ፣ ሳላ በዚያ ቢጠፋ ምክንያቱ መንገዱ ነው ወይስ የግጦሽ ሽሚያ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ከሁለቱም ወገን ከተሰበሰበ ፋንድያ የሚገኝ ዘረመል የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሆኖም መለያየቱ በዘረመል ላይ እስኪታይ ብዙ ትውልድ ሊያልፍ ይችላል። በቶሎ ምላሽ የሚሰጠው በአንገት ላይ የሚታሰር የጂፒኤስ መከታተያ ነው፤ ዋጋው ግን የአንድ ተማሪን በጀት ይፈትናል።

ጉዳዩ የመለኪያ ክርክር ብቻ አይደለም። በካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር አጥር ታጥሮ ከመንገዱ በላይና በታች የእንስሳት መሻገሪያዎች ተሠርተዋል፤ ግሪዝሊ ድቦች እነዚህን ለመልመድ ዓመታት ወስዶባቸዋል። በኬንያ ጻቮም በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የባቡር ሐዲድ ለዝሆኖች የተተዉ መተላለፊያዎች አሉት። እንዲህ ያለ ግንባታ ውድ በመሆኑ ቦታው በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። የምርጫው መነሻ የበድን ካርታ ብቻ ከሆነ መሻገሪያው የሚሠራው እንስሳቱ ዛሬም በሚሞክሩበት ሥፍራ ይሆናል፤ መሞከር ያቆሙበት የቀድሞ መተላለፊያ ግን በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል።