ከኋላ የቀረውን መጠበቅ

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። እኔም ለብዙ ዓመታት የሚቀድመኝ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ማለዳ ቱታዬን ለብሼ ከሰፈሬ እስከ አስፋልቱ ደርሼ እመለስና «ስፖርት ሠራሁ» እል ነበር። ሲዘንብ እቀራለሁ፤ ሲያመሸኝ እቀራለሁ። ለምን ቀረህ የሚል ስላልነበረ የቀረሁባቸው ቅዳሜዎች ከወጣሁባቸው በለጡ። በመጨረሻ ሐኪሜ የደም ግፊቴን ለክቶ ዝም ሲል፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እየጎተተ ወስዶ መስቀል አደባባይ በየሳምንቱ ከሚገናኝ የሩጫ ቡድን ጋር ቀላቀለኝ። ያን ጊዜ ሃምሳን ልደፍን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ይሁንና የቡድን ሩጫ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ተወልጄ ባደግሁባት በሸዋ ሮቢት ነው። ለዛሬ የማጫውታችሁ ይህንኑ ነው። እግረ መንገዴንም እንዲህ ያለ ቡድን መቀላቀል የሚፈልግ አንባቢ ማወቅ የሚገባውን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ የቡድን ሩጫ ምንድን ነው?

ውድድር አይደለም። ሰዎች በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓትና ቦታ ተገናኝተው እያወሩ የሚሮጡበት ልማድ ነው። አገራችን ታላላቅ ሯጮች አጥታ ባታውቅም፣ ተራው የቢሮ ሠራተኛ በብዛት ወደ አስፋልት የወጣው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተጀመረ ወዲህ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የመጀመሪያው የተካሄደው በኅዳር 1994 ዓ.ም ሲሆን 10,000 ተሳታፊዎች ነበሩት። ለዓመታዊው 10 ኪሎ ሜትር ለመዘጋጀት ተብሎ የተጀመረው የባልደረቦች ልምምድ ለብዙዎች የዓመት ሙሉ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

አትሌቶቻችን ግን አብሮ መሮጥን ከማንም በፊት ያውቁታል። ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ የኖረው ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሯጮቹ ለብቻ መሮጥን እንደማይወዱና አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ጉልበት እንደሚቆጥብ ገልጿል። ዕድር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሚያስነሳህ ጉልበትህ ሳይሆን «የት ቀረ?» የሚልህ ሰው ነው።

ፀሐይ ይሉኝታ አታውቅም

በ2011 ዓ.ም የፋሲካ ሰሞን ዘመድ ልጠይቅ ወደ ሮቢት ወረድኩ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማበር ላይ በጣሊያን ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠዋት በጋቢ የተጀመረ ጉዞ በሸሚዝ ያልቃል።

የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይሮጣሉ?» አለኝ። መምህራን፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ሽንኩርት ነጋዴዎች፣ በድምሩ 11 ሰዎች ናቸው። ቅዳሜን የመረጡት ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ ስላለ ነው። ሰዓቱም ሙስሊሞቹ ሱብሒን ሰግደው እንዲደርሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነበር። እኔ ግን «ለእንግዳ ይህ ሌሊት ነው» ብዬ ቀለድኩ። እነሱም አክብረውኝ ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አዛወሩት። ስህተቱ የእኔ፣ ይሉኝታው የእነሱ ነበር።

ከደሴ መስመር ከሚመጡት የጭነት መኪናዎች ርቀን በማሾና በሽንኩርት ማሳዎች መካከል ባለው የእርሻ መንገድ ሮጥን። እኔም «የደጋ ሳንባ ይዤ ቆላ ምን ያደርገኛል?» ብዬ ቀደምኳቸው። በእርግጥም ለመተንፈስ ቀለለኝ። ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ግን ጭንቅላቴ ከበደኝ፤ አንድ የመስኖ ቦይ አጠገብ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ሁሉም ሩጫቸውን አቁመው ከበቡኝ። «አይዞዎት ጋሼ» እያሉ ጥላ ሥር አሳርፈው ውኃ አፈሰሱብኝ። ስመለስ ሁሉም ከእኔ ጋር በእግራቸው ተመለሱ። ከተማ ስንገባ አንዱ መምህር ጮክ ብሎ ቆጠረ። አሥራ ሁለት ሆነን ወጥተን ነበር፤ አሥራ ሁለት ሆነን ገባን።

የሆነው ነገር ምሥጢር የለውም። ሰውነት ሲሮጥ የሚፈጥረውን ሙቀት የሚያስወግደው በዋናነት ላብ ሲተን ነው። ሙቀት ሲበረታ ደም ወደ ቆዳ ስለሚሄድ፣ ልብ ለጡንቻም ለቆዳም ለማድረስ በፍጥነት ትመታለች። ከደጋ የወረደ ሰው አየሩ ቢበዛለትም ሙቀቱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያስፈልገዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ያሸነፈበት ማራቶን እንኳ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በጨለማ ነበር የተጠናቀቀው። በመስከረም 2012 ዓ.ም ዶሃ ላይ የሴቶች ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተጀምሮም ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋርጠዋል። የዓለም ምርጦች ያልቻሉትን የደም ግፊት ያለበት የሕግ ሰው ልቻል ማለቱ ድፍረት ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል?

የአበበ ድል በተገኘ በማግስቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥር 404 ማኅበርን ሲተረጉም ትርፍ ለመካፈል ላልሆነ ዓላማ የሚሰባሰቡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ይላል። ቁጥር 2068 ደግሞ በስፖርት ላይ ያለ ሰው በተካፋይ ወይም በተመልካች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ማታለል ወይም ከባድ የደንብ መጣስ ከሌለ በስተቀር ኃላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ሳያስብ ቢጠልፍህ ፍርድ ቤት አትገትረውም። ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ለሚል፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983 በ48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን የሚጠይቀው ለሰላማዊ ሰልፍና ለሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ነው። ለጤናው የሚሮጥ ሰው ሰልፈኛ አይደለም።

የወደቀን ጥሎ መሄድን ግን በዚያ ማለዳ የከለከለው የትኛውም አንቀጽ አልነበረም። የከለከለው የቡድኑ ልማድ ነው።

ለመቀላቀል ያሰባችሁ

ስለዚህ ቡድን ስትመርጡ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ አትጠይቁ። «ከኋላ የቀረውን ማን ይጠብቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ሌላ ፈልጉ። ዕድሜያችሁ ከገፋ ወይም ሕመም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በሚያስችላችሁ ፍጥነት ሩጡ፤ ቃላት ከተቆራረጡባችሁ ፈጥናችኋል። ቆላ ከወረዳችሁ ለአገሬው ሰዓት ተገዙ። ማዞር ከጀመራችሁ አቁሙና ተናገሩ፤ ማፈር ይገድላል።

ከዚያ በኋላ የሮቢት መንገዶች ሌላ ሩጫ አይተዋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ በተነሳው ግጭት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ ብዙ ነዋሪ ሕይወቱን ለማትረፍ ሸሸ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም በክልሉ የታወጀውና 10 ወራት ያህል የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ሰዓት እላፊ ለመደንገግ ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት የቅንጦት ነገር ሆነ። ከ11ዱም ገሚሱ ተበታተነ።

ጁምዓንና ቅዳሴን አስማምቶ አንድ ቅዳሜ ያገኘ ቡድን ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በይፋት አንድ ማለዳ በሰላም እንዲያልፍ ምን ያህል ነገር መሟላት እንዳለበት ላየ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

አሁንም ለወንድሜ ልጅ ስደውል ስለ ርቀቱ አልጠይቀውም።

«ባለፈው ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ?»

«አምስት፣ ጋሼ።»

«ስንት ሆናችሁ ገባችሁ?»

«አምስት።»

ቸር ይግጠመን!