የቮልስ መታወቂያ ከኋላ ወንበር ሥር ነው

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ግቢው ውስጥ የአባቱን ቮልስ ያቆመ ሰው ሊሸጣት ሲነሣ መጀመሪያ የሚሮጠው ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው። ከዚያ በፊት የኋላውን ወንበር ቢያነሣ ይሻለዋል።

ከወንበሩ ሥር፣ በመኪናዋ መሐል ከፊት ወደ ኋላ በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቶ የተጻፈ ቁጥር አለ። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አሃዝ ባሃዝ መግጠም ያለበት የሻንሲ ቁጥር ይህ ነው። ቆሻሻ ከሸፈነው ናፍጣ በነካ ጨርቅ በቀስታ ይጠረግ። በሞረድ ወይም በሽቦ ብሩሽ ከተፋቀ ጤነኛው ቁጥርም የተነካካ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ገዢን ማሳመን ከባድ ነው። ቀጭን ወረቀት ለጥፎ እርሳስ በስሱ ማሻሸት ቁጥሩን ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል።

እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1964 ወዲህ ለተሠሩ ቮልሶች ቁጥሩ ዕድሜንም ይናገራል። በ117 የሚጀምር ከሆነ 11 ዓይነቷን፣ 7 ደግሞ የ1967 ሞዴል መሆኗን ይገልጻል። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት በኦገስት ስለሚጀምር በ1966 መጨረሻ የተሠራችውም የ67 ሞዴል ናት። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ 10 አሃዝ ሆነ። ሻጭና ገዢ ስለ ሞዴል ሲነጋገሩ አቆጣጠሩ የማን እንደሆነ አስቀድመው ይግባቡ፤ የፈረንጆቹ 67 በእኛ 59 ነው።

ትልቁ ጣጣ ያለው ወለሉ ላይ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው በዚያው በኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ስለሆነ አሲዱ ላሜራውን ይበላዋል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ከሥር ያግዘዋል። የግራና የቀኙን ወለል ብቻ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ የመሐሉን ብረትና ቁጥሩን አይነካም፤ መኪናዋ ያቺው ናት። ነገር ግን የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የታሰረው በቡሎን ነው። ተፈትቶ በሌላ ቮልስ ወለል ላይ ቢቀመጥ ከላይ የምናያት የአባትየው መኪና፣ በቁጥር ግን የሌላ ሰው ትሆናለች። ስለዚህ ከቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ የሚታይ ከሆነ ሳይጠየቁ መናገር ይገባል። ከፊት ኮፈን ሥር ያለችው ትንሽ ሰሌዳም ቁጥሩን ትይዛለች፤ እሷ ግን ተነቅላ ልትለጠፍ ስለምትችል ብቻዋን ምስክር አትሆንም።

የሞተር ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ይገኛል። የቮልስ ሞተር በቀላሉ ስለሚወርድ በብዙዎቹ ላይ ተለውጧል፤ ይህ በራሱ የስርቆት ምልክት አይደለም። ቁጥሩ በ«ኤፍ» ከጀመረ ባለ 1300፣ በ«ኤች» ከጀመረ ባለ 1500 ነው። ሊብሬው ሌላ የሚል ከሆነ ከሽያጩ በፊት መዝጋቢው ቢሮ ሄዶ ማስተካከል ነው። ተሽከርካሪ የሚለይበትንና የሚመዘገብበትን ሥርዓት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው።

«ሁሉ ነገሯ የፋብሪካ ነው» ለማለት ግን ሊብሬ አይበቃም። ጀርመን ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ መዝገብ አገላብጦ፣ መኪናዋ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚንቅ ስለቀነሰ፣ ወጪው አይከብድም። ወረቀቱ ሰማያዊ ነበረች ካለና ዛሬ ቀይ ከሆነች፣ ውሉ ላይ «ቀለሟ ተለውጧል» ተብሎ ይጻፍ።