የድንች ዘር አቀማመጥ

ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያመጣውም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አዋቂ ነበር። ዛሬ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ድንች ብዙ ቤት ይመግባል። ነገር ግን ዘሩን ካልጠበቅን የበልግ ዝናብ ሲመጣ የምንተክለው እናጣለን። ያን ጊዜ ገበያ ወርዶ በውድ መግዛት ይመጣል።

ብዙዎቻችን የዘር ድንች ጨለማ ውስጥ እንከምራለን። ጨለማ ውስጥ የከረመ ድንች ጉንቁሉ ይረዝማል፣ ይነጣል፣ ሲነኩት ይሰበራል። ውርጭ የመታውም ድንች ውሃ ሆኖ ይበሰብሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከጤነኛ ተክል የተቆፈረ፣ የዕንቁላል መጠን ያለው ድንች እንምረጥ። የተቆረጠውንና የበሰበሰውን እናውጣ። የእንጨት ቆጥ ሠርተን በላዩ እንደርድረው። ድርቡ ከሦስት አይብለጥ። ጣራው ዝናብና ፀሐይ ይከልክል፤ ጎኑ ግን ብርሃንና ነፋስ ያስገባ። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት በሣር እንሸፍነው፤ ሲነጋ እንግለጠው።

ድንች ከተቆፈረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። ከዚያ ዓይኑ ይነቃል። ብርሃን ያየ ጉንቁል አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ሲተከል ቶሎ ይበቅላል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል። ለዘር መልካም ነው፤ ለምግብ ግን መርዝ አለው። ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ የሚበላውን ለብቻው ጨለማ ቦታ እናስቀምጥ። ከዘሩ ድንች እንዳይበሉም ለልጆቻችን እንንገራቸው።