ከመሠረት በታች ያለውን ዕውቀት ለጋራ ጥቅም ስለ ማዋል
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ መንገደኛ አምስት ኪሎ ሲደርስ ሁለት ጎረቤታሞች ያገኛል። አንደኛው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሁለተኛው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 የምሕንድስና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረውና በኋላ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተባለው ትምህርት ቤት ነው። የሙዚየሙ ባለጸጋነት የሆነችው ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላት የታወቀው አጥንቷ ስለ ተገኘ ብቻ አይደለም። አጥንቷ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ሆነ፥ በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ ዐመድም የት ላይ እንደሚገኝ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ስለ ተቀመጠ ነው። እንግዲህ አጥንት ፈላጊዎች ለመሬት ያሳዩትን ይህን ጥንቃቄ እኛ ሕንጻ ሠሪዎች አሳይተናልን? በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ከፍ ያለ ሕንጻ ከመሠራቱ አስቀድሞ ቦታው ይቆፈራል። መሐንዲሱ የላይኛውን አፈር አይቶ የታችኛውን ሊፈርድ አይችልም፤ ስለዚህ በጠባብ ጉድጓድ ወደ ታች እየወረደ አፈሩን በየደረጃው ይመረምራል። ከመመርመሪያዎቹ አንዱ እጅግ ቀላል ነው። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እየወደቀ፥ በጉድጓዱ ውስጥ የተተከለውን ቱቦ 45 ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ እንዲያስገባ ይደረጋል። ለመጨረሻዎቹ 30 ሳንቲ ሜትር ስንት ምት እንዳስፈለገ ይቈጠራል። ምቱ ጥቂት እንደ ሆነ አፈሩ ልል ነው፤ ብዙ እንደ ሆነ ጽኑ ነው። ከዚህም ጋራ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል፤ ውሃ የተገኘበትም ጥልቀት ይጻፋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሪፖርት ይጠረዛል፤ ባለቤቱም ዋጋውን ይከፍላል።

ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ምን ይሆናል? ለግንባታው ፈቃድ ይቀርባል፤ መሠረቱ ይነደፍበታል፤ ከዚያም ከፋይሉ ጋራ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከዓመት በኋላ አጥሩን የሚጋራው ጎረቤት ሊሠራ ሲነሣ፥ ያው መሬት ምንም እንዳልታወቀ ተቈጥሮ እንደ ገና ከአንድ ይጀመራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የቆየ የአፈር ምርመራ ለማየት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የተቀበሉኝ ሰው ትሑት ነበሩ። ሆኖም ቢሮው ከአንድ ሕንጻ ወደ ሌላ በተዛወረ ጊዜ ወረቀቶቹ በየት እንደ ገቡ ሊነግሩኝ አልቻሉም። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎበት፥ ቆፋሪው ፀሐይ ተመትቶበት የተገኘ ዕውቀት ነበር።

ነገሩ የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገረ። አዲስ አበባ የቆመችው ግን ባንድ ዓይነት መሬት ላይ አይደለም። በአንዱ ሰፈር ጽኑ የእሳተ ገሞራ ዐለት ከእግራችን ሥር ቅርብ ነው። በሌላው፥ በተለይ በሜዳማው በቦሌና በአቃቂ ወገን፥ መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር በብዙ ስፍራ ተነጥፎ ይገኛል። የመረሬን ጠባይ ገበሬው ከመሐንዲሱ አስቀድሞ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ቤት ሲሠራበትም ይህን ልማዱን አይተውም፤ በያመቱ መሠረቱን ያነሣዋል፥ ያወርደዋል። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በአግድመት ሽቅብ የሚሄደውን የግድግዳ ስንጥቅ ያላየ የቤት ባለቤት ጥቂት ነው። በቊጠባ ያሠሩትን ቤት በያመቱ ኖራ የሚያስቀቡ የመንግሥት ሠራተኞች የሚከፍሉት ለኖራው ሳይሆን ለዚህ አፈር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲናወጥ በአዲስ አበባም በፎቆች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ንቅናቄው ተሰምቷቸዋል። ያን ጊዜ ሁላችንም ሕንጻችን ይችል እንደ ሆነ ጠይቀናል። መልሱ በብረቱና በሲሚንቶው ብቻ አይገኝም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ መነሻ ያደረገው የአውሮፓው ኮድ፥ መሬትን እስከ 30 ሜትር ድረስ ባለው ጠባዩ በየክፍሉ ይመድበዋል። ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋበት አገር ልል አፈር ላይ ለሚቆም ሕንጻ የሚታሰበው ኃይል በዐለት ላይ ለሚቆመው ከሚታሰበው በመቶ 35 ያህል ይበልጣል። እንግዲህ የሰፈሩን መሬት የማያውቅ መሐንዲስ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ከመጠን በላይ ብረት ያፈሳል፥ ወይም በጭፍን ይደፍራል።

ዕውቀት ሲሰበሰብና ሲሠራጭ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከአምስት ኪሎ ቊልቊል ወደ አራት ኪሎ መውረድ ይበቃል። የካናዳ ተወላጅ የነበሩት አባ ፒየር ጉዌን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ አቋቁመው ነበር። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ በኩል የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ማጀቴን ባፈረሰ ጊዜ ጉዳቱን መዝግበዋል። ከዚህም ሌላ ከዜና መዋዕል፥ ከመንገደኞች ጽሑፍና ከመሣሪያ ንባብ የጥንቱን ሁሉ አሰባስበው፥ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያናወጠውን ጭምር፥ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጻፉ። መጽሐፉን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ያሳተመው የካናዳ የምርምር ማዕከል ዛሬ በኢንተርኔት ለማንም ያለ ዋጋ ያቀርበዋል። በጅማም ሆነ በጎንደር የተቀመጠ ወጣት መሐንዲስ በስልኩ ከፍቶ ያነበዋል። ደራሲው ወረቀታቸውን በመሳቢያ ቆልፈውበት ቢሆን ኖሮ የዚያን ዘመን መናወጥ ዛሬ በወሬ ብቻ በሰማነው ነበር።

ከውጭ አገር የኒውዚላንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2011 ክራይስትቸርች የተባለችው ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታ 185 ሰዎች ሞቱ። ከተማዋን እንደ ገና ለመሥራት ሲነሡ መሐንዲሶቹ የየግላቸውን ቁፋሮ ውጤት በአንድ የመረጃ ቋት አኖሩ። ከቋቱ የሚወስድ መሐንዲስ የራሱንም እንዲያስገባ ተጠየቀ። አሠራሩ ስለ ተሳካ በ2016 ለመላው አገሪቱ ተስፋፋ። ብሪታንያ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የጉድጓድ መዝገቦችን ሰብስባ አብዛኛውን ለሕዝብ ከፍታለች። ይህን ለማድረግ ብርቱ መናወጥ መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ለእኛም ምሳሌ ልትሆን የሚገባት ይህችኛይቱ ናት።

በአገራችን ጅምሩ ፈጽሞ የለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በአምስት ኪሎ ተማሪዎች ስለ ከተማይቱ አፈር የሚጽፏቸው የመመረቂያ ጥናቶች በዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማኅደር ይነበባሉ። «ዘዴ» የተባለው የምሕንድስና መጽሔትም በኢንተርኔት ይገኛል። የመንገዶች ባለሥልጣን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ያወጣቸው የመንገድ ንድፍ መመሪያዎች በየመሐንዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሉ። ወጣቶቹም በቴሌግራም ኮዱንና የስሌት ሠንጠረዡን ይለዋወጣሉ። ትጋታቸውን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ማን እንደ ሠራው፥ በየትኛው ኮድ እንደ ተሰላ ያልተጻፈበት ሠንጠረዥ ባለቤት እንደሌለው መድኃኒት ነው። የተሻረውን የ1995ን ኮድ ከአዲሱ ሳይለይ የሚያሠራጭ ሰው በጎ አደርጋለሁ ብሎ ይጎዳል።

የአፈር ሪፖርት እንዳይሠራጭ የሚያግደው ምንድን ነው? ባለቤቱ «ገንዘብ የከፈልሁበት የግሌ ነው» ይላል፤ ይህ እውነት አለው። አማካሪው ደግሞ ሌላው ሰው ሪፖርቱን አለቦታው ተጠቅሞ ሕንጻው ቢሰነጠቅ እኔ እጠየቃለሁ ብሎ ይፈራል። ይህም ከንቱ ፍርሀት አይደለም። የአንዱ ቦታ ቁፋሮ የሌላውን አይተካም፤ በጥቂት ሜትር ርቀት አፈሩ ሊለወጥ ይችላልና። የቆየው መዝገብ የሚጠቅመው የት መቆፈር፥ ምን ያህል መውረድ፥ ምንስ መጠንቀቅ እንደሚገባ አስቀድሞ ለማሳየት ነው። ይህ በግልጥ ተጽፎ፥ የባለቤቱ ስም ተሠውሮ፥ ቁጥሩ ብቻ ለሙያው ሰዎች ቢሰጥ ሁለቱም ሥጋት ይቀላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ወደ እናንተ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ይመጣል። ሪፖርቶቹ ያሉት በየግል አማካሪው ዘንድ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ በሚሰጡ፥ መንገድና የውሃ መሥመር በሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችም መደርደሪያ ላይ ናቸው። ፋይል የሚቀበለው ሠራተኛ ከወረቀቱ ጋራ አንድ የኮምፒውተር ቅጂ ቢጠይቅ፥ ያውም ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን ቁጥሮቹ በሠንጠረዥ የሰፈሩበትን፥ ሥራው ከግማሽ በላይ ተፈጸመ። ፎቶግራፉን ሰው በዓይኑ አንድ በአንድ ማንበብ ይኖርበታል፤ ሠንጠረዡን ግን ኮምፒውተሩ ራሱ በካርታ ላይ ያሰፍረዋል። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ለዚሁ አንድ የጋራ ቅጽ ያወጡት ያንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ጽሑፍ እንዲያነብ ነበር።

በቅጹ የሚገባው ብዙ አይደለም። ጉድጓዱ የተቆፈረበት ስፍራ በካርታ ቁጥር፥ ከፍታው፥ የየንጣፉ ዓይነትና ውፍረት፥ የምቱ ቁጥር፥ የቤተ ሙከራው ውጤት፥ ሥራውን የሠራው ድርጅት ስም ይበቃል። ቀኑም ሊረሳ አይገባውም። በመጋቢት የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ሳያወጣ ይቀርና በነሐሴ በዚያው ስፍራ ውሃው በ2 ሜትር ላይ ሊቆም ይችላል፤ ቀን ያልተጻፈበትን መዝገብ ያነበበ መሐንዲስም ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ቤት ነድፎ በክረምት ውሃ ሲቀዳ ይከርማል።